ያገለገለ ሞተር ጀልባ ባሕር ዳር ላይ ስትገዙ፦ ከየብስ እስከ ውሃ የሚደረግ ፍተሻ

ጣና ዳር ጀልባ ሊገዙ የሚመጡ ሰዎችን ደጋግሜ አይቻለሁ። ሞተሩ ይነሳል። ድምፁ ያምራል። ባለቤቱ አንድ ዙር ወስዶ ይመልሳቸዋል። ነፋሱ ደስ ይላል፣ ልብ ይሸፍታል፣ ቀብድ እዚያው ይከፈላል። ብዙም ሳይቆይ ያው ጀልባ ዳር ላይ ተጎትቶ፣ ሞተሩ ወልቆ ይታያል።

እኔም ደርሶብኛል። ከዘመዴ ጋር በጋራ የገዛነው ጀልባ ሞተሩ እንደ ሰዓት ነበር የሚሠራው። ሞተሩ የታሰረበት የኋላ ግድግዳ ግን ውስጡ በስብሶ ነበር። በሦስተኛው ወር ሰው ጭነን ወደ ዘጌ ስንሄድ ግድግዳው ከነሞተሩ ወደ ኋላ መጋደል ጀመረ። ፍጥነት ቀንሰን፣ ዳር ዳሩን ይዘን ተመለስን። ሰው አልተጎዳም። ገንዘባችን ግን ሄደ።

ሞተር ይጠገናል፣ ካልሆነም ይቀየራል። አካሉ ከውስጥ የበሰበሰ ጀልባ ግን ከገዛችሁበት ዋጋ በላይ ሊያስወጣችሁ ይችላል። ስለዚህ አካሉን አስቀድሙ። ሞተሩን ቀዝቃዛ እንደሆነ አስከትሉ። ውሃ ላይ መውጣት የመጨረሻው ይሁን።

መመሪያው የተጻፈው ከኋላ በሚታሰር የቤንዚን ሞተር ለሚሄድ የፋይበር ጀልባ ነው። ሰው ወደ ደሴቶቹ ለማመላለስም ሆነ በገመድ እየጎተታችሁ ለማዝናናት ብትገዙት ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

## ከመሄዳችሁ በፊት

ለባለቤቱ ቀድማችሁ ደውሉና ሦስት ነገር ለምኑ።

1. ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ቢያንስ አንድ ሌሊት ደረቅ መሬት ላይ ይደር።
2. እናንተ ሳትደርሱ ሞተሩ አይነሳ።
3. አይታጠብ፣ ቀለምም አይነካ።

«ማውጣት አይመችም» ካሉ የጉልበቱን ዋጋ እናንተ እንደምትከፍሉ ንገሯቸው። ለሚጎትቱት ልጆች የምትከፍሉት ከሚመጣው ኪሳራ ጋር አይወዳደርም። አሁንም እምቢ ካሉ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ሆዱ ያልታየ ጀልባ አይገዛም።

ቀጠሮውን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አድርጉ። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ማዕበል ይመጣል። ያን ጊዜ ጀልባው የተንቀጠቀጠው በሞተሩ ይሁን በውሃው መለየት አትችሉም።

የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። ደላላው ወይም ሻጩ የሚያመጣላችሁ መካኒክ መልካም ሰው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ነገ እዚያው ዳር አብረው የሚውሉት እነሱ ናቸው።

ይህን ያዙ፦

- ጥሩ የእጅ ባትሪ
- የፕላስቲክ ወይም የእንጨት መዶሻ (ከሌለ የካቻቪቴ እጀታ ይሠራል)
- ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ ቁልፍ (ካንዴላ ሞተሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠው ነው)
- የኮምፕሬሽን፣ ማለትም የሲሊንደር ውስጥ ግፊት መለኪያ (ከመኪና ጋራዥ ተውሳችሁ፤ ጥርሱ ከካንዴላው ቀዳዳ ጋር መግጠሙን ጠይቁ)
- ነጭ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ ጠመኔ
- ባዶ ባለ 20 ሊትር ጄሪካኖች
- ላይፍ ጃኬት፣ መቅዘፊያ፣ ረጅም ገመድ
- ቦቲ ጫማ

ቦቲውን አትናቁት። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ጀልባ ስትገፉ በባዶ እግር ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ አትቁሙ።

## ደረጃ 1፦ ወረቀትና ቁጥር

ይህ አጭር ነው፤ ግን አትዝለሉት። የሞተሩን መለያ ቁጥር ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ሞተሩን ከጀልባው ጋር በሚያስረው ብረት ላይ በትንሽ ሳህን ተጽፎ ይገኛል። ፎቶ አንሱት፤ ፕሮፔለሩንና ታንኩንም አንሱ። ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። ሳህኑ ከተፋቀ ወይም የተነቀለበት ምልክት ካለ እዚያው ላይ አቁሙ።

የጀልባውን የምዝገባ ወረቀትም የሰጠው መሥሪያ ቤት ድረስ ወስዳችሁ አረጋግጡ። በማኅበር የተያዘ ጀልባ ከሆነ የሚሸጥላችሁ ሰው ብቻውን የመሸጥ ሥልጣን እንዳለው በጽሑፍ ጠይቁ።

## ደረጃ 2፦ የጀልባው ሆድ

መጀመሪያ አስር እርምጃ ራቁና ከኋላም ከፊትም ተመልከቱ። ግራና ቀኙ እኩል ነው? አንዱ ጎን የጎበጠ ወይም የሰመጠ ይመስላል? ከቅርብ የማይታየው ጥምመት ከሩቅ ይታያል።

ከዚያ ተንበርከኩ። ባትሪውን ወደ ጎን አስተኝታችሁ አብሩ። ብርሃኑ በቆዳው ላይ ሲንሸራተት ጉብታው፣ ጎድጓዳውና የተለጠፈው ሁሉ ጥላ ይጥላል።

የምትፈልጉት ይህን ነው፦

የሸረሪት ድር የሚመስል ስንጥቅ። ላዩን ብቻ ከሆነ ብዙ አያስፈራም። ከአንድ ነጥብ ተነስቶ በዙሪያው የሚበተን ከሆነ ግን እዚያ ቦታ በድንጋይ ተመትቷል ማለት ነው። በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት። ከገባ ውስጡ ተሰብሯል።

እንደ ቃጠሎ ውሃ የቋጠረ አረፋ። ለብዙ ጊዜ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ፋይበር ይቋጥራል። ሁለት ሦስት ቢሆን ይጠገናል። ሆዱን ሙሉ ከሸፈነው ተዉት።

አዲስ ቀለም። ሙሉ ጀልባው በእኩል ከተቀባ ችግር ላይሆን ይችላል። አንድ ቦታ ብቻ ከተቀባ ግን ከሥሩ ስቱኮ ፈልጉ። በመዶሻው ነካ ነካ አድርጉ።

የድምፁ ነገር ልምድ ይፈልጋል። ስለዚህ ጤነኛ መሆኑን ከምታውቁት ቦታ፣ ለምሳሌ ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ ጀምሩ። ጤነኛው ጥርት ብሎ «ቋ» ይላል። የተላቀቀው ወይም ውሃ የጠጣው ታፍኖ «ዱ» ይላል። እየመታችሁ ውረዱ። ድምፁ በተለወጠበት ቦታ ሁሉ በጠመኔ ክበቡ። ጨርሳችሁ ስትነሱ የክበቦቹ ብዛትና ቦታ ራሱ ይነግራችኋል።

በግንቦትና በሰኔ የሐይቁ ውሃ ዝቅ ይላል፤ ሌላ ጊዜ የማይነኩ ድንጋዮች ያን ጊዜ የጀልባ ሆድ ያገኛሉ። ከክረምት መግቢያ በኋላ የምትገዙ ከሆነ የመሃል መስመሩን ከአፍንጫ እስከ ኋላ በእጃችሁ ዳስሱት።

## ደረጃ 3፦ ሞተር የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ግማሽ ሰዓት ስጡት።

ይህ ግድግዳ ከውጭ ፋይበር ይመስላል። ውስጡ ግን በአብዛኛው ኮምፔንሳቶ ነው። ሞተሩ የታሰረበት ብሎን ቀዳዳ በደንብ ካልታሸገ ውሃ ቀስ እያለ ይገባል። እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ፋይበሩ ግን ቆሞ ይቀራል። ለዚህ ነው በዓይን የማይታወቀው።

1. ሞተሩን ወደ ታች አውርዱ። አንድ ሰው የሞተሩን እግር (ፕሮፔለሩ ያለበትን የታች ክፍል) ይያዝና ወደ ላይና ወደ ታች በኃይል ይወዝውዘው። እናንተ ዓይናችሁን ግድግዳው ላይ አድርጉ። ከሞተሩ ጋር አብሮ ከተነቃነቀ ወይም ማዕዘኑ ላይ ስንጥቅ ሲከፈት ካያችሁ በስብሷል።
2. ብሎኖቹን ተመልከቱ። ከብሎኑ ራስ ሥር ያለው ክብ ሳህን ወደ ውስጥ ከሰመጠ እንጨቱ ለስልሷል ማለት ነው። ከብሎኑ ሥር ቡናማ ውሃ የወረደበት መስመርም ያው ምልክት ነው።
3. በመዶሻ ከላይ ወደ ታች ምቱ። ከታች፣ በማፍሰሻው ቡሽ ዙሪያ ያለው ቦታ ቀድሞ ይበሰብሳል።
4. አሁንም ከተጠራጠራችሁ ባለቤቱን አስፈቅዱና ከውስጥ በኩል፣ ዝቅ ካለው ቦታ አንድ ትንሽ ብሎን ፍቱ። ውሃ ወይም ጥቁር ጭቃ ከወጣ መልሱን አግኝታችኋል። ደረቅና ነጣ ያለ እንጨት ከታየ ደግ ነው። ቀዳዳውን በሲሊኮን አሽጋችሁ ብሎኑን መልሱ።

ሻጩ «ትንሽ ብረት አስሮ ማጠንከር ይቻላል» ሊላችሁ ይችላል። እኛም እንደዚያ ተብለን ነበር። የበሰበሰ እንጨት ላይ ብረት ማሰር ብሎኑን የሚይዝ ነገር አይሰጠውም። ግድግዳው ተቀድዶ እንጨቱ በሙሉ መቀየር አለበት። ያን ማሠራት ካልቻላችሁ እዚሁ አመስግናችሁ ተመለሱ።

## ደረጃ 4፦ ወለሉና ከሥሩ ያለው

ጫማችሁን አውልቁና ወለሉ ላይ ተረከዛችሁን እየተጫናችሁ ተራመዱ። እንደ ፍራሽ ሰጠም የሚል ቦታ ካለ ክበቡት። መቀመጫዎቹን ያዙና ነቅንቁ።

የወለሉን መክፈቻ አንሱ። ባትሪ አብሩና ከሥሩ ያሉትን እንደ ጎድን የተዘረጉ ድጋፎች ተመልከቱ። ከሆዱ ጋር የተጣበቁበት ቦታ ተላቋል? ካቻቪቴውን ጫን ስታደርጉት ይገባል? የመንሳፈፊያ ስፖንጅ ካለ በጣታችሁ ቆንጥሩት። ውሃ ከያዘ ጀልባው ሁልጊዜ የማይታይ ጭነት ተሸክሞ ይሄዳል፤ ቢገለበጥም እንደሚገባው አይንሳፈፍም።

ጀልባው አንድ ሌሊት ደርቆ ያደረው ለዚህም ጭምር ነው። ማፍሰሻውን ክፈቱ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ አሁንም ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ የሆነ ቦታ ተከማችቷል። ምንጩን ሳታገኙ አትቀጥሉ።

## ደረጃ 5፦ ሞተሩ፣ ሳይነሳ

እጃችሁን አስቀድሙ። ክዳኑን አንሱና ቴስታውን (የሲሊንደሮቹን ራስ) ንኩ። ከሞቀ ቀድመው አስነስተውታል። ቀዝቃዛ ሞተር የማይነሳበትን ችግር ሊደብቁ ፈልገው ይሆናል። በሌላ ቀን ኑ።

የማርሽ ዘይት። ይህን ከምንም በፊት አድርጉት። ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ውሃው ከዘይቱ ተለይቶ ከታች ይቀመጣል። አንዴ ከተነሳ ግን ይቀላቀላል። በእግሩ ታችኛው ጫፍ ያለውን ብሎን በቀስታ አላሉና የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች ነጭ ወረቀት ላይ ተቀበሉ።

- ንጹሕ ወይም ጠቆር ያለ ዘይት፦ ደህና ነው። ከጠቆረ ቀይሩት።
- እንደ ወተት ቡና የነጣ፣ ወይም ቀድሞ ውሃ የወጣ፦ ፓራሊዮው (ዘይቱን ይዞ ውሃ የሚከለክለው ጎማ) ውሃ ያስገባል።
- የሚያብለጨልጭ ብረት፦ ማርሹ ወይም ኩሽኔታው ተበልቷል። ይህ ትልቅ ወጪ ነው።

ፕሮፔለሩን ፍቱት። ብዙ ሰው ይህን አያደርግም። የዓሣ መረብ ናይለን ከፕሮፔለሩ ኋላ ይጠመጠምና ፓራሊዮውን ይቆርጣል። ጣና ላይ መረብ ሞልቷል፤ የእምቦጭ ሥርም ይጠመጠማል። ያገኛችሁትን አውጡና ከሥሩ ዘይት መኖሩን እዩ። ዘንጉ በድንጋይ ተመትቶ ጠምሞ እንደሆነ ለማየት ደግሞ ማርሹን ነጻ አድርጋችሁ በእጅ አሽከርክሩት፤ ጫፉ መወላገድ የለበትም።

ካንዴላዎቹን ፍቱ፣ በተራቸው ደርድሩ። ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ መልካም። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቶበታል። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ካርቡራተሩ ለዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ እንዲህ ይታያል። ይህ ይስተካከላል። ነጭ ሆኖ የብረት ነጠብጣብ ያለበት ካንዴላ ግን ፒስተኑ መቅለጥ መጀመሩን ይናገራል። ዝገት ወይም የውሃ ጠብታ ካለበት ጓርኒሲዮኑን (በቴስታውና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥሩ።

*ካንዴላው አልፈታ ካለ* አትታገሉት። ጥርሱን ከነቴስታው ታበላሹታላችሁ። ዝገት ማላቀቂያ ረጩበት፣ ጠብቁ። እምቢ ካለ ባለቤቱ ራሱ ያስፈታው።

ኮምፕሬሽን። የማጥፊያውን ገመድ ንቀሉ። ካንዴላዎቹ ሁሉ ይውጡ። አጠገባችሁ ክፍት ቤንዚን አይኑር። ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻ ክፈቱ። መለኪያውን ግጠሙና መርፌው መውጣቱን እስኪያቆም አምስት ስድስት ጊዜ በኃይል ሳቡ። ቁጥሩን ጻፉ። ሁሉንም ሲሊንደር እንዲሁ ለኩ።

እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ ይሳሳታል። የሞተሩ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር በባሕር ወለል ከፍታ የተለካ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚያንስ ንባቡም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። መጽሐፉ 120 ሲል እናንተ 100 ገደማ ብታነቡ ሞተሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ዋናው የሲሊንደሮቹ ልዩነት ነው። ከ10 በመቶ በላይ ከተራራቁ ችግር አለ።

ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩና እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ወይም ሲሊንደሩ ተጭሯል። ካልተንቀሳቀሰ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል።

## ደረጃ 6፦ መሪ፣ ገመድና ቤንዚን መስመር

መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩ። መጎርበጥ የለበትም። የቤንዚን ጎማውን እጠፉት፤ ከሰነጠቀ ቀይሩት። የሚጨመቀውን ኳስ ጨምቁ፤ ጠንክሮ መቆም አለበት። ከቤንዚን ታንኩ ትንሽ ወደ ብርጭቆ ቅዱና አስቀምጡት። ውሃ ካለ ከታች ይለያል።

ሰው በገመድ ለመጎተት ከሆነ የምትገዙት፣ ገመዱ የሚታሰርበትን ብረት ከውስጥ በኩል እዩ። በትልቅ ሳህን ካልተደገፈ ይነቀላል።

## ደረጃ 7፦ ውሃ ላይ

ማስጠንቀቂያ፦ ሞተሩ ያለ ውሃ አይነሳ። የውሃ ፓምፑ ጎማ በደረቁ ከዞረ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። ሻጩ «አንዴ ድምፁን ስሙት» ብሎ መሬት ላይ ሊያስነሳው ሲል ከልክሉት።

የማፍሰሻውን ቡሽ ዝጉ። ሁለት ጊዜ እዩት።

1. ቀዝቃዛውን ሞተር እናንተ አስነሱ። ጤነኛ ሞተር በጥቂት ስበት ይነሳል። ካልተነሳ ኳሱ መጨመቁን፣ የማጥፊያው ገመድ መግባቱን፣ የታንኩ አየር መክፈቻ መከፈቱን እዩ። በእነዚህ ካልተፈታ ባለቤቱ ይሞክር፤ እናንተ ምን እንዳደረገ ጻፉ።
2. ወዲያው ከኋላ የሚወጣውን ቀጭን የውሃ ጅረት ተመልከቱ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልወጣ አጥፉ። ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ጥረጉ፤ የእግሩ መግቢያ ወንፊት ላይ እምቦጭ ወይም ጭቃ ካለ አጽዱ። አሁንም ካልወጣ የዕለቱ ሙከራ እዚህ ያበቃል።
3. አምስት ደቂቃ ቀስ ብሎ ይሥራ። ማርሽ ወደ ፊት፣ ነጻ፣ ወደ ኋላ። «ቋ» ብሎ በአንዴ መግባት አለበት። የሚያፋጭ ወይም የሚያመልጥ ማርሽ አይታለፍም።
4. አሁን ጄሪካኖቹን በሐይቁ ውሃ ሙሉና ጫኑ። 15 ጄሪካን ወደ 300 ኪሎ ነው። ባዶ ጀልባ ሁሉ ይሮጣል። እናንተ የምትሠሩት ግን ሰው ጭናችሁ ነው።
5. ወደ ክብራን ገብርኤል ደሴት አቅጣጫ ውጡ። ዓባይ ወደሚወጣበት በኩል አትሂዱ፤ እዚያ ጉማሬ አለ። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቁና እስከ መጨረሻ ስጡት። በዚህ ከፍታ ሞተር ከጉልበቱ 15 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ስለዚህ 40 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት እንደ 40 አይጎትትም። መንቀጥቀጥ፣ መቆራረጥና ድንገት ጉልበት ማጣት ግን የከፍታው ጥፋት አይደለም።
6. የዙር መቁጠሪያ ካለ አንብቡ። ሙሉ ሰጥታችሁ ዙሩ የሞተሩ መጽሐፍ ከሚለው ዝቅ ካለ ፕሮፔለሩ ለዚህ ከፍታ ከብዶ ይሆናል። በፒች (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደ ፊት በሚገፋው ርቀት) አንድ ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ዙሩን ወደ 200 ገደማ ከፍ ያደርጋል። ይህ የዋጋ መደራደሪያ ነው እንጂ ጀልባውን የሚያስጥል አይደለም።
7. አስር ደቂቃ ከሮጠ በኋላ አጥፉና ክዳኑን አንሱ። ቴስታው ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉ። «ጭስ» ብሎ ከተነነ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። ከዚያ ትኩስ እንደሆነ አስነሱት። ቀዝቅዞ ተነስቶ ሲሞቅ እምቢ የሚል ሞተር አለ።

መሃል ላይ ከቆመባችሁ ሁላችሁም ተቀመጡ፣ መልሕቅ ጣሉ። ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ ወደ 14 ሜትር ነው። ሠላሳ ሜትር ገመድ ለጠዋቱ ጸጥ ያለ ውሃ ይበቃል።

## ደረጃ 8፦ እንደገና አውጡት

ስትመለሱ ወለሉን ክፈቱ። የገባ ውሃ አለ? ጀልባውን አውጡና በጠመኔ የከበባችኋቸውን ቦታዎች እዩ። ውሃ የሚያለቅስ ስንጥቅ ካለ አሁን ይታያል። የኋላ ግድግዳውን ማዕዘኖች ደግማችሁ ተመልከቱ፤ ሙሉ ጉልበት ሲሰጠው ያልነበረ ስንጥቅ ሊከፈት ይችላል። የማርሽ ዘይቱንም አንድ ጠብታ ውሰዱና ከጠዋቱ ጋር አነጻጽሩ።

## ደረጃ 9፦ ዋጋና ርክክብ

የበሰበሰ የኋላ ግድግዳ፣ የተላቀቁ የወለል ድጋፎች፣ የተፋቀ የሞተር ቁጥር፦ ከሦስቱ አንዱ ካለ ዋጋው ቢወርድም አትግዙ። ፓራሊዮ፣ የውሃ ፓምፕ ጎማ፣ ካርቡራተር፣ ፕሮፔለርና የቤንዚን ጎማ ግን ይቀየራሉ። የእያንዳንዱን ዋጋ ከገበያ አጣሩና ከጠቅላላው ቀንሱ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ ሳትሠሩ የምትቆዩባቸውን ቀናትም አስቡ።

ከዚያ በፊት ቀብድ አትክፈሉ። «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ቢሏችሁም ተረጋጉ። ይምጣ።

ውሉ ላይ የጀልባው ቁጥር፣ የሞተሩ ቁጥር፣ አብሮ የሚሰጠው ዕቃ በሙሉ ይጻፍ፦ ታንክ፣ ላይፍ ጃኬት፣ መልሕቅ፣ ትርፍ ፕሮፔለር። ምስክር ይፈርም።

በርክክቡ ቀን ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት የመጀመሪያ ቀን ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች ክፈቱ። የሞተሩን ቁጥር፣ ፕሮፔለሩንና ታንኩን አንድ በአንድ አነጻጽሩ። በፍተሻውና በርክክቡ መካከል ፕሮፔለር ሲቀየር አይቻለሁ። ሁሉም ከገጠመ ቡሹን ራሳችሁ ዝጉና ተረከቡ።